ሰሙን የሚያውቅ አንባቢ፦ የፖለቲካ ምሳሌ ታሪክ በጎጃም ደጋ

በጎጃም ደጋ የፖለቲካ ምሳሌ ራሱን የቻለ ስም አልነበረውም። ለገዢ በግልጥ የማይነገረውን ነገር በዛፍ፣ በእንስሳ፣ በነቢያት ታሪክ ወይም በጎረቤት ገበሬ አስመስሎ መናገር የቅኔ ቤቱ የዕለት ሥራ፣ የአዝማሪው መተዳደሪያ፣ የእረኛው ጨዋታ ነበር። ደብረ ማርቆስን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዲማንና ደብረ ወርቅን የያዘው ይህ አገር በዓባይ በረሃ ተከቦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄ ተራራ ዙሪያ የተቀመጠ ነው። ምሳሌው ወደ መድረክና ወደ ልብ ወለድ ሲሻገርም ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ሐዲስ ዓለማየሁና አቤ ጉበኛ ከዚሁ ምድር ወጡ፤ ሦስቱም በቅኔ ያደጉ ናቸው። ድርሰቶቻቸው ዛሬም ይጠቀሳሉ፤ የሚነበቡት ግን እኩል አይደለም። አንዳንዱ ትናንት የተጻፈ ይመስላል፤ አንዳንዱ ያለ ማብራሪያ አይገባም። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለማየት ምሳሌው ከተወለደበት መነሣት ያስፈልጋል።

ምሳሌው ወደ ቅኔ ቤት የገባው በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች የነገራቸው ተረት በዓለም ላይ በጽሑፍ ከቆዩት የፖለቲካ ምሳሌዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ተነሡ። ወይራው ቅባቱን፣ በለሱ ጣፋጭ ፍሬውን፣ ወይኑ ጠጁን ትቶ በሌሎች ላይ ለመንገሥ አልፈቀደም። ሹመቱን በደስታ የተቀበለው እሾሁ ብቻ ሆነ፤ እሱም በመጀመሪያው ቃሉ ጥላና እሳት አንድ ላይ አቀረበላቸው። ተረቱ 70 ወንድሞቹን አርዶ የነገሠውን አቤሜሌክን የሚመለከት መሆኑን ሰሚው ሁሉ ያውቅ ነበር። ወይራንና እሾህን ከደጁ ለሚያይ የጎጃም ገበሬ ይህ ታሪክ ትርጓሜ አያስፈልገውም። ፍሬ የሚሰጠው ሥራ አለውና ለሹመት ጊዜ የለውም፤ ሥራ የሌለው ይሾማል።

ሁለተኛው መሠረት የነቢዩ ናታን ታሪክ ነው። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ ናታን የቀረበው በክስ ሳይሆን በተረት ነበር፤ ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ ነጥቆ ለእንግዳው አረደ ብሎ ነገረው። ንጉሡ በባለጠጋው ላይ ተቆጥቶ የሞት ፍርድ ፈረደ፤ ባለጠጋው ራሱ መሆኑን የሰማው ከፈረደ በኋላ ነው። የፖለቲካ ምሳሌ ጉልበት ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አለ። አድማጩ መጀመሪያ ይፈርዳል፣ ቀጥሎ ራሱን ያያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለት ገዢው ስለ እሱ እየተነገረ መሆኑን አስቀድሞ ካወቀ፣ ፍርዱ አይገኝም፤ የሚገኘው ቁጣ ነው። በቅኔ ትምህርት የጥንቱን ታሪክ ካሁኑ ጋር እያነጻጸሩ መናገር ተነጽሮ ይባላል፤ የኔታ ለተማሪው የሚያስተምሩትም ይህንኑ መንገድ ነው። ከዚህ ጋር በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የአንበሳን፣ የንስርንና የእባብን ጠባይ ለምሳሌ አዘጋጅቶ አቆየ። ስለዚህ ቅኔ ተማሪው ስለ አንበሳ ሲናገር ስለ አውሬው ብቻ እንደማይናገር ሰሚው ገና ከመነሻው ይጠረጥራል።

የቅኔን አጀማመር ሊቃውንቱ ወደ ቅዱስ ያሬድ ያደርሱታል፤ በሌላው ትውፊት ደግሞ የዮሐንስ ገብላዊና የተዋነይ ስም ይነሣል፤ ተዋነይን ጎጃም የራሱ ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። የትውፊቱ ዝርዝር ቢለያይም በኋለኞቹ መቶ ዓመታት የቅኔ ትምህርት ዋና መኖሪያ ጎጃም መሆኑን የሚከራከር የለም። በስም ከሚታወቁት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም ናቸው፤ ዋድላ ከዓባይ ማዶ በወሎ ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያምና ጽላሎ ከየአውራጃው ተማሪ የሚጎርፍባቸው ነበሩ። በጽላሎ ከወንበሩ ተቀምጠው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሴት ነበሩ፤ የወንድ ሥራ ተብሎ በኖረ ጉባኤ ውስጥ ስማቸው ከታላላቆቹ መምህራን ጋር ይጠራል።

ቅኔ የሚለካው በቤቱ ነው። አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ደግሞ ስምንት ቤት አለው። የሁሉም መሠረት ግን ሰምና ወርቅ ነው፤ ስሙም ከአንጥረኛው ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛ ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። በቅኔም ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ ነው። ከዚህ ረቀቅ ያለው ውስጠ ወይራ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ላዩ ሸንበቆ መስሎ ውስጡ ጽኑ ወይራ በሆነ በትር ይመሰላል። እዚህ ሰም የሚመስል ነገር እንኳ አይታይም፤ ነገሩ ተራ ንግግር ይመስላል፤ የሚያመው ግን በትሩ ከወረደ በኋላ ነው። የጎጃም ሊቃውንት ለገዢ የሚሆነው ይህ ነው ይላሉ።

ትምህርቱ ራሱ የፖለቲካ ምሳሌን ባለሙያ የሚያፈራ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየመንደሩ ለምኖ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ በማለዳ የኔታ የሰጡትን ቅኔ ሰምቶ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። በኋላ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ያርማሉ። ልጁ ከሀብታም ደጅ ቁራሽ እየለመነ የሀብታምን ጠባይ ያጠናል፤ ከውሻው እየሸሸ የጌታውን ደጅ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ያደገ ሰው ስለ ሹም የሚናገረው ከሩቅ ሰምቶ አይደለም።

በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅኔው ሲቀርብ ሹሙ፣ ባላባቱ፣ ካህኑና ገበሬው በአንድ ቅጥር ናቸው። ግዕዝ የማያውቀው የዜማውን ለዛ ይሰማል፤ የሚያውቀው ይበል ይላል። የሹሙ ችግር የሚጀምረው በዚህ ነው። ቅኔው ስለ ሄሮድስ ወይም ስለ አክዓብ ከሆነ፣ የተቆጣ ሹም ሄሮድስ ወይም አክዓብ መሆኑን በአደባባይ መሰከረ ማለት ነው። ዝም ካለ ደግሞ ሊቃውንቱ ገብቶታል እያሉ ይሳሳቃሉ። ባለቅኔው በሰሙ ተሸሽጎ ማምለጥ ይችላል፤ ሰሙም ውሸት አይደለም፣ እውነተኛ የመጽሐፍ ታሪክ ነው። ምሳሌን ከሐሜት የሚለየው ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን በየራሱ መቆም አለበት። ሰሙ ብቻውን የማይጥም ቅኔ ወርቁ ምንም ቢከብድ በጉባኤ አይመሰገንም።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለው ሕዝብ የራሱ መንገድ ነበረው። አዝማሪው በማሲንቆ፣ አልቃሿ በሙሾ፣ እረኛው በከብት ኋላ የሚያሰማው ግጥም የአገሩን ስሜት ይሸከማል። የቀድሞ ገዢዎች እረኛ ምን አለ እያሉ ይጠይቁ እንደነበር የሚነገረውም ለዚህ ነው። እረኛ ለማንም የማያዳላ፣ የሰማውን ሳያስተካክል የሚደግም ልጅ ነው ተብሎ ይታመናል። የጎጃም ሸንጎም የምሳሌ ቤት ነበር፤ በበላ ልበልሃ የሚሟገተው ባላገር ክሱን በተረት ጀምሮ በዘዬ ያስርና ዳኛው ራሱ ፍርዱን እንዲናገር ያደርገዋል። የናታን መንገድ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ለአንድ ግቢ ነበር። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ የጎጃም ቤተ መንግሥት ሆነች፤ ስሟም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተተካ። በዚያ ግቢ ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ የነበሩት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ታሪክ ጽፈው አቆይተዋል። ከንጉሡ በኋላ አገሩን የገዙት ልጃቸው ራስ ኃይሉ በግብር ብዛት ስማቸው የሚነሣ ነበሩ፤ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተተኩ። ሹም ሽሩ ከቅኔ ቤት የወጡ ወጣቶች በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሥራ ከጀመሩበት ጊዜ ጋር ተገናኘ። ምሳሌው ከግዕዝ ወደ አማርኛ፣ ከጉባኤ ወደ መድረክ የተሸጋገረው በነዚህ ሰዎች ነው።

የአማርኛ ቴአትር ሲጀመርም በፖለቲካ ምሳሌ ነው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ሸዌው፣ ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ሥራ ከላ ፎንቴን ተረቶች አነሣስተው ጻፉ። አውሬዎቹ የመኳንንቱን ሙስናና ስንፍና ያሳዩ ስለነበር በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አውሬን የፈራ መንግሥት አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ አውቆ ነበር ማለት ነው። የዚሁ ዓይነት ተረት በኋላ በከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ በኩል ለብዙ ትውልድ ተማሪ ደረሰ፤ እዚያ ግን ጥርሱ ለስልሶ ለሕፃናት ግብረ ገብ ሆነ።

በደብረ ኤልያስ ተወልዶ በዚያው ቅኔ የተማረው ዮፍታሔ ንጉሤ አዲስ አበባ ወርዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ተውኔት ጻፈ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን ሰጠ። በተውኔቶቹ ሰዎቹ ሥጋ ያላቸው ብቻ ሳይሆኑ ስማቸው ራሱ ሐሳብ ነው። አፋጀሽኝ የሚለው ርእስ አንዲት ሴትን የሚወቅስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርስ በርስ ስለምትፋጅ አገር ነው። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ተሰዶ ሱዳን የገባው ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ። ሥራዎቹን ዛሬ ቴአትር የሚያጠኑ ያነቧቸዋል፤ ሕዝቡ ዘንድ የቀረው በብዛት ስሙ ነው። ምክንያቱም የዮፍታሔ ተውኔት የተሠራው በቅኔ ቃል ነው፤ ሙሉ ደስታው የሚገኘው ቃሉን በጆሮ ሰምቶ ወዲያው ለሚፈታ ታዳሚ ነበር። ያ ታዳሚ ከመድረኩ ፊት ሲጠፋ ቃሉ በወረቀት ላይ ቀዘቀዘ።

ይህን ችግር ሐዲስ ዓለማየሁ በሌላ መንገድ ፈታው። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለደው የቄስ ልጅ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቅኔ ተማረ፤ በአዲስ አበባ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ዐለፈ፤ ተመልሶም በጎጃም አስተማሪ ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የጻፈው ተውኔት የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ ይባላል። ርእሱ ብቻውን ምሳሌ ነው፤ አገሪቱ የምታገባው ባል ኋላ ቀርነት ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ዘመተ፤ ተማርኮ ለዓመታት በጣሊያን ደሴቶች ታሰረ፤ ከእስር ወጥቶ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገለ። በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረትን፣ በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተመ። በዙፋኑ ሥር ሚኒስትር ሆኖ ያገለገለ ሰው የዙፋኑን መሠረት የሚመረምር መጽሐፍ መጻፉ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ፍቅር እስከ መቃብር በመጀመሪያ ንባብ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ነው። ማንኩሳ የተወለደው የደሀ ልጅ፣ በእናቱ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ቅኔ አዋቂ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ይገባል፤ ለሚያስተምራት ልጅ ልቡን ይሰጣል። ሰሙ ይህ ነው፤ እውነተኛ ሰም ነው፤ ብቻውን ያስለቅሳል። ወርቁ የማኅበሩ አቋም ነው። ለፊታውራሪው ቤት የዘር ኩራት ከልጃቸው ሕይወት ይበልጣል፤ እናቲቱ ወይዘሮ ጥሩ አይነት መባላቸው በአጋጣሚ የመጣ ስም አይመስልም። የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለው ይባላል፤ በስሙ ላይ የደራሲው ምስጋና አለ። እውነቱን የሚናገረው ካሳ ዳምጤ ጉዱ ካሳ የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል፤ ማኅበሩ አእምሮ ያለውን ሰው የሚጠራው በጉድ ነው።

ጉዱ ካሳ ለበዛብህ ማኅበሩን በድንጋይ ካብ ይመስልለታል። ድንጋዮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቆመዋል፤ የታችኛው የላዩን ይሸከማል፣ የላዩ የታችኛውን ይጫናል፤ ከታች ያሉት ሲነቃነቁ ግን ካቡ በሙሉ ይናዳል። በጎጃም ደጋ ካብ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው፤ እርሻው ሲታረስ የወጣው ድንጋይ ተሰብስቦ በየድንበሩ ይካባል፤ ክረምት ሲመጣ ከሥር ይሸሻል፤ በበጋ እንደገና ይካባል። ገበሬው ካብ የሚናደው ከአናቱ ሳይሆን ከታቹ መሆኑን በእጁ ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ ምሳሌ በ1958 ዓ.ም. ለነበረ አንባቢ አዲስ ሐሳብን በአሮጌ ዕውቀት ውስጥ አስቀመጠለት፤ ለዛሬውም እንደዚሁ ያደርጋል።

በልብ ወለዱ ውስጥ ገበሬዎቹ ከልክ በላይ የሚጠየቁትን አንሰጥም ይላሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሊቀጡ ሲዘምቱባቸው በአበጀ በለው እጅ ይወድቃሉ። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመት ገደማ መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን የተረዳው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ሊነጠቅ ነው ብሎ ነው። በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አውራጃዎች ገማቾቹ ተባረሩ፤ አመፁ ተስፋፋ፤ ጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም እንደታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። ልብ ወለዱ አመፁን አስነሣ ማለት አይቻልም፤ ያመፀው ገበሬ በብዛት ፊደል ያልቈጠረ ነበር። ሐዲስ ግን የጎጃምን ገበሬ ልክ ያውቅ ነበር፤ ያንን ልክ የሚያልፍ ሹም ምን እንደሚገጥመው ከአዋጁ በፊት ጽፎታል። መጽሐፉን ከአመፁ በኋላ ያነበበ ሰው ስለ አበጀ በለው የሚያነበው እንደ ተረት ሆኖ አይደለም።

አቤ ጉበኛ በአቸፈር የተወለደ፣ ከሐዲስ በዕድሜ በጣም የሚያንስ፣ በቁጣ ግን የሚበልጥ ጸሐፊ ነው። እሱም በልጅነቱ ቅኔ ተምሯል። በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው አልወለድም ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ ወደዚህ ዓለም አልወጣም እያለ የሚከራከር ፅንስ ታሪክ ነው። ሥፍራው ስሙ ያልተጠራ አገር ቢሆንም መንግሥት ስሙን አወቀው፤ መጽሐፉ ታገደ። አቤ የመረጠው ሽፋን ስስ ነው። ሐዲስ ወርቁን በጥልቁ ሲቀብር አቤ ከላይ ያስቀምጠዋል፤ ፅንሱ የሚናገረው የፖለቲካ ክርክር ነው። ለዚህም ይመስላል ሳንሱር የአንዱን መጽሐፍ ሲያሳልፍ የሌላውን የያዘው። ይሁን እንጂ አልወለድም የሚለው ቃል ራሱ ከመጽሐፉ ረጅም ዕድሜ አገኘ፤ መጽሐፉን ያልከፈተ ሰው እንኳ ሥራ የሌለው ወጣት ወይም የተፈናቀለ ቤተሰብ ስለ መጪ ልጁ ሲያስብ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል። ጎብላንድ አጭበርባሪው ጦጣ በተባለው ሌላው ሥራው አቤ ወደ እንስሳት ተመልሷል። በ1972 ዓ.ም. ያለ ዕድሜው ሞተ።

የነዚህ ጸሐፊዎች ድርሰት በሚያብብበት ዘመን በሰምና ወርቅ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ርእሱን ሰምና ወርቅ ብሎ፣ የአማራን ባህል ድርብ አነጋገር ከዘመናዊነት ጋር አገናኝቶ ፈተሸው፤ ነገርን ግልጥ አድርጎ መናገር ለሚጠይቀው ለአዲሱ አሠራር ድርብ አነጋገር እንቅፋት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ተከራከሩት። የጎጃሙ ታሪክ የሚያሳየው ግን ነገሩ ከሁለቱም ወገን ሰፊ መሆኑን ነው። ድርብ አነጋገር ሹመኛን የሚያሳልፍ ውሸት ሆኖም አገልግሏል፤ ሌላ መናገሪያ ለሌለው ሰው ግን ብቸኛው አደባባይ ነበር። ሰም ያስፈለገው እውነቱን ለመደበቅ ሳይሆን ተናጋሪውን ለማዳን ከሆነ፣ ሰሙን ትቶ በግልጥ ተናገር ብሎ ባለቅኔውን መውቀስ ከፍርድ የራቀ ነው።

ደርግ ሲመጣ ፊታውራሪነት ራሱ ተሻረ። መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ በልብ ወለዱ የተወቀሰው ሥርዓት በሕግ ተቀበረ። ብዙዎች መጽሐፉ ሥራውን ጨርሶ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል ብለው ሊጠብቁ ይችሉ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነብበው ማንበብ የማይችለው ገበሬና ማንበብ የሚችለው የከተማ ሰው በአንድ ድምፅ ሰሙት። ቅኔ በጉባኤ እንደሚሰማ ልብ ወለዱም እንደገና በጆሮ ተሰማ። ያኔ የሚናገረው ጉዱ ካሳ ስለ ፊታውራሪዎች ቢሆንም፣ ፊታውራሪ ከሌለም በኋላ ካቡ ቀርቶ ነበርና አድማጩ የላዩ ድንጋይ አሁን ማን እንደሆነ ራሱ አሰበ። ሐዲስም በ1974 ዓ.ም. ወንጀለኛው ዳኛን፣ በ1980 ዓ.ም. የልምዣትን ጨመረ። ከነዚህ ውስጥ ወንጀለኛው ዳኛ የሚለው ርእስ የናታንን መንገድ በሁለት ቃል ያሰረ ነው።

የዛሬው አንባቢ የተለየ ነው። በደብረ ማርቆስ ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ርስትና ጉልት የሚያውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ነው፤ የአያቶቹን መታያና እጅ መንሻ አላየም፤ የስእለት ልጅነት ምን ያህል እንደሚያስር በሕይወቱ አልቀመሰም። ስለዚህ በልብ ወለዱ ውስጥ የማዕረግና የግብር ጉዳይ የሚበዛባቸው ክፍሎች ለወጣቱ ይከብዱታል፤ አስተማሪው ቃል በቃል ካላስረዳው በቀር ወርቁ አይወጣም። በካቡ ምሳሌ፣ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ መከራ፣ አእምሮ ያለው ሰው ጉድ በሚባልበት ቤት ግን ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። የጉዱ ካሳ ስም ዛሬም ከመጽሐፉ ወጥቶ፣ ልማድን የሚሞግት ሰው ሲገኝ በንግግር መካከል ይጠራል።

ይህ በሌላውም አገር የታየ ነው። የእንግሊዙ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው የእንስሳቱ ታሪክ የሩሲያን አብዮት ሰዎች አንድ በአንድ የሚመለከት ነው። ስለነዚያ ሰዎች ምንም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ዐሳማው ወደ ቤት ገብቶ በአልጋ ሲተኛ ወዲያው ይገባዋል፤ ዐሳማን፣ ፈረስንና በግን ያውቃቸዋልና። ሰሙ በየትኛውም መንደር የሚገኝ ምሳሌ ዘመን ይሻገራል። ሰሙ በአንድ ሥርዓት ቃላት ብቻ የተሠራ ምሳሌ ያ ሥርዓት ሲጠፋ ይቀበራል፤ ወርቁ ምንም ቢከብር ይህን አያስቀርም። ከዮፍታሔ ሕዝቡ ዘንድ የቀረው ስሙ፣ ከአቤ አንድ ቃል፣ ከሐዲስ ደግሞ ካብና ሁለት ፍቅረኞች መሆናቸው ከዚህ የመጣ ነው። ከሦስቱ ሰሙን ከዕለት ኑሮ የወሰደው ሐዲስ ብቻ ነበር፤ ጎበዝነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የተለየ ዕጣ የደረሰው ለግዕዝ ቅኔው ነው። በየበዓሉ ለገዢዎች ተነግረው ከነበሩት አብዛኞቹ አልተጻፉም፤ ከተጻፉት ጥቂቶቹን መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬን የመሰሉ ሊቃውንት በመጽሐፍ አቆይተዋቸዋል። ግዕዝ የማያውቅ አንባቢ በትርጉም ያገኛቸዋል፤ በትርጉም ግን ሰምና ወርቁ በአንድ ቃል መገናኘቱ ይቀራል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ የዘመኑ ትምህርት ቤትም ግዕዝን በቁም ነገር ካላስተማረ አይጠገንም። በሐዲስ ዓለማየሁ ስም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የባህል ጥናት ተቋም በቅኔ ቤቶቹ መካከል መቀመጡ ለዚህ ሥራ አመቺ ነው። ሐዲስ ራሱ በኅዳር 1996 ዓ.ም. ዐረፈ።

በደብረ ኤልያስና በዲማ የቅኔ ጉባኤው ዛሬም አልተፈታም። ተማሪው ጠዋት ከመምህሩ ሰምቶ፣ ቀን ቆጥሮ፣ በኋላ ያቀርባል። የሚያቀርበው ቅኔ የራሱና አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለ ቅኔ፣ የታላቁ ሊቅ ቢሆንም፣ ዛሬ ይዞ ለቀረበ ተማሪ አይቆጠርለትም።